የጆንያ ፊት

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ፊቱን ማንም አይቶት የማያውቅ ጀግና ነበር። ስሙ ጆንያ ነው። ባቡር ጣቢያ ዕቃ ይሸከማል፤ ግፍ ያየ ዕለት ግን የስኳር ጆንያ ጭንቅላቱ ላይ አጥልቆ፣ በሁለት ቀዳዳ እያየ ይደርሳል። የሚኖረው ወረቀት ላይ ነው፤ በየወሩ በሚወጣ ሃያ አራት ገጽ የሥዕል ታሪክ ውስጥ። የሚሸጠውም ከዚራ ሰፈር ካለችው የእኔ የመጽሐፍ ኪዮስክ ነበር። ሐምዛ እባላለሁ። ስልሳ ዓመት ቢያልፈኝም ድሬ ነንና አንቱ የሚለኝ የለም።

ጆንያን የሠሩት ሦስት ጓደኛሞች ናቸው። ተካልኝ ታሪኩን ይጽፋል፤ እሱ ሲያወራ ሻይህ ይቀዘቅዛል። ረምላ ትሥላለች፤ እርሳስ ከያዘች የገንደ ቆሬ ሰፈርን አቧራ ሳይቀር ታሳይሃለች። ጂብሪል ደግሞ ተሰጥኦው አካሉ ነው፤ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲዘል አይተህ አትጠግበውም። ረምላ የምትሥለው እሱን እያየች ነው። ጆንያውን ሰፍቶ ያዘጋጀውም እሱ ነው፤ ተካልኝም «ይህችን መዝለል ትችላለህ?» ብሎ ሳይጠይቀው አንድ ገጽ አይጽፍም ነበር።

የመጀመሪያው እትም ሊወጣ ሲል ኪዮስኬ ውስጥ ተማማሉ። አንዱ ክርስቲያን ነው፣ ሁለቱ ሙስሊም፤ በምን እንማል ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ጂብሪል ጆንያውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋውና ሦስቱም እጃቸውን ጫኑበት። የማሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጆንያ ፊት ለማንም አይታይም። ሁለተኛ፣ ሦስቱም ሳይስማሙ በጆንያ ስም ምንም አይደረግም። ምስክሩ እኔ ነበርኩ።

ስለ አንድ ፊት ይህን ያህል ለምን ትሉኝ ይሆናል። የመጋላ ሰው ጆንያ የመጋላ ልጅ ነው ይላል። የሳቢያን ሰው ይስቅበታል፤ ከእኛ ሰፈር እንደሆነ ማን አጣው ብሎ። ሶማሌው የኛ ነው ይላል፣ ኦሮሞው የኛ ነው ይላል፣ ጉራጌውና ሐረሪውም እንደዚያው። ፊት ስለሌለው ማንም ማንንም ዋሸህ ሊለው አይችልም። በዚያ ሰሞን ሰው ሰፈርና ዘር እየቆጠረ መተያየት ጀምሮ ነበር፤ እኔ በር ላይ ግን በጆንያ ጉዳይ ተከራክረው ተሳስቀው ነበር የሚለያዩት። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ የፊልም ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ፕሮዲውሰሯ ሶስና ትባላለች፤ ጨዋ ሴት ናት። «ጋሽ ሐምዛ፣ እርስዎ ኪዮስክ ውስጥ ያለው ነገር በየሲኒማ ቤቱ መታየት አለበት» አለችኝ። ከተማው ሁሉ ጮቤ ረገጠ። አንድ የባጃጅ ሹፌር የጆንያን ሥዕል ከመስታወቱ ላይ ለጥፎ ሰው በነጻ ሲያመላልስ ዋለ። ረምላም ለፊልሙ ሰዎች የቦታውን ሁሉ ሥዕል ሠርታ ሰጠች፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም ነበር።

ተካልኝን ሶስና ለብቻው ጠራችው። «መጨረሻ ላይ ጆንያውን ያወልቃል» አለችው። «የሚወልቀው ከተዋናዩ ከባሮክ ፊት ላይ ነው። ሰው ሲኒማ የሚገባው የሚወደውን ተዋናይ ፊት ለማየት ነው።»

«እኛ መሐላ አለብን» አላት።

«እንግዲያው በጆንያው ፈንታ ካርቶን አጥልቀንለት በሌላ ስም እንሠራዋለን። ያኔ እናንተ የላችሁበትም።»

ተካልኝ አንድ ቀን ሙሉ አሰበ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቃት፤ ፊልሙ ጆንያ በሚለው ስም ድሬ ውስጥ እንዲሠራ፣ ጆንያውን አጥልቆ የሚዘለውም ጂብሪል እንዲሆን። እሺ አለችው። በሦስቱም ስም ፈረመ፤ ለሁለቱ ግን ትንፍሽ አላለም። አራት ወር ሙሉ ከረምላና ከጂብሪል ጋር በአንድ ሳህን ምሳ እየበላ ዝም አለ። ፊርማውንስ ባልወደውም ይገባኛል፤ ያ አብሮ መብላቱ ነው ያንገበገበኝ።

ጂብሪል ደግሞ ነገሩን ያወቀው ቀረጻ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ነው። ጥላ ሥር አረፍ ብሎ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ስክሪፕት አገኘ፤ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ አነበበ። ያኔውኑ ሮጦ ለረምላ መንገር ነበረበት። አልነገራትም። ጆንያውን አጥልቆ በዘለለ ቁጥር ዳይሬክተሩ ያጨበጭባል፣ ካሜራ የያዘው ያጨበጭባል፣ መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ ያፏጫል። «አቦ ሐምዛ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት» ብሎኛል ራሱ። ነገ ነገ ሲል ሁለት ወር አለፈ።

የመጨረሻው ቀን ቀረጻ ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ነበር። ጂብሪል ከድልድዩ ወደ ደረቁ አሸዋ ዘለለ፤ አቤት አዘላለል! ዳይሬክተሩ «ቆንጆ ነው፣ አሁን አውልቀህ ለባሮክ ስጠው» አለው። ጂብሪል አላወለቀም። ጆንያውን እንዳጠለቀ ዞሮ በአሸዋው ላይ ሮጠ፤ የሚደርስበት ጠፋ። ሽማግሌ ቢላክበት፣ ሶስና ራሷ በሩ ድረስ ብትሄድ አልመልስም አለ። ያቺ ላብና ዘይት የጠገበች፣ ትከሻዋ ላይ የተጣፈች ጆንያ በፊልሙ ሁሉ ትታያለች። በእሷ ፈንታ አዲስ ሰፍተው ባሮክ ላይ አጠለቁና አወለቁለት። ጂብሪል የጆንያ ፊት እንዳይታይ አደርጋለሁ ብሎ ነበር፤ ያበላሸው ግን ፊልሙን ነው። ስማቸው ስክሪን ላይ ይወጣል ብለው ዘመድ የጠሩ የድሬ ልጆች ነበሩበት፤ እነሱ ምን በደሉ?

ረምላ ከሁለቱም አልሰማችም። የሰማችው ከግድግዳ ነው። ፖስተሩን ከኪዮስኬ ፊት ለፊት ለጠፉት፤ ባሮክ ጆንያውን በእጁ ይዞ ፈገግ ብሏል። ረምላ ቆማ አየችው፤ አየችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሐምዛ፣ ይሄ ማነው?»

«ጆንያ ነው ይላሉ።»

«ተካልኝ ያውቃል?»

ዞሬ መጽሐፍ መደርደር ጀመርኩ። እሱ መልስ ሆናት መሰለኝ፣ ቤቷ ገብታ ዘጠኝ ቀን አልወጣችም። በአሥረኛው ቀን አዲስ እትም ታቅፋ መጣች፤ ጽሑፉም ሥዕሉም የራሷ ነው። ደቻቱ ይሞላል፤ ጆንያ በጎርፍ የተያዘ አውቶቡስ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ያወጣል፤ የመጨረሻዋን እናት ካወጣ በኋላ ውኃው ይወስደዋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ውኃና ባዶ ጆንያ ብቻ ነው ያለው። ከሥሩ «አበቃ» ይላል። ተካልኝን አልጠየቀችም፣ ጂብሪልን አልጠየቀችም። ሦስቱ ያሳደጉትን ብቻዋን ገደለችው።

እኔም ሸጥኩላት። ፊልሙ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ከተማውን አዳረስኩት። ለሁለቱ ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ ተናድጄ ስለነበር ተውኩት። እጄ የለበትም አልልም።

ፊልሙ ሲከፈት አዳራሹ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ነበርን። ሰው ጆንያን አልቅሶ ቀብሯል፤ የሞተ ሰው ፊልም ምን ያደርግለታል? ያቺ አዲስ ንጹሕ ጆንያ ብቅ ስትል አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ባሮክ ሲያወልቃት ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት «ይሄ ደግሞ ማነው?» አለች ጮክ ብላ። በሳምንቱ ፊልሙ ወረደ። አዲስ አበባም አልቆየም፤ የሁለቱ ጆንያ አለመመሳሰል እዚያም መሳቂያ ሆነ አሉ። የባጃጁ ሹፌር ኪዮስኬ በር ላይ ቆሞ ሥዕሉን ከመስታወቱ በቢላ ፋቀው። «የኛ ሰፈር ልጅ ይመስለኝ ነበር እኮ» አለኝ። ያን ዕለት ኪዮስኬን በጊዜ ዘግቼ ቤቴ ገባሁ፤ ሦስቱንም እንደ ልጆቼ ነበር የማያቸው።

ባለፈው ሳምንት ከሶስና ደብዳቤ መጣልኝ። ድርጅቷ የጆንያን መብት ሊመልስ ነው። «ሦስቱ ስለማይነጋገሩ የምንመልሰው በአንድ ሰው ስም ብቻ ነው» ይላል። ስሙ ያልተጻፈባቸው ሁለቱ ከዚያ በኋላ ያለዚያ ሰው ፈቃድ ጆንያን አይጽፉም፣ አይሥሉም፣ አያጠልቁም። እስከ ዓርብ ስም ካልተላከ መብቱ እዚያው ይቀራል። ሦስቱ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን ሐምዛ ይጻፍ ብለዋል። እንዳይገናኙ በተለያየ ሰዓት እየመጡ አነጋገሩኝ።

ተካልኝ እንዲህ አለ፦ «ባልፈርም ኖሮ ካርቶን አጥልቀው ይሠሩት ነበር። ዛሬ የሚመለስ ነገር የተገኘው በእኔ ፊርማ ነው። ለእኔ ከሰጠኸኝ በሚቀጥለው ወር ጆንያ በሕይወት አለ፤ ከጎርፉ የሚያወጣው ታሪክ ጭንቅላቴ ውስጥ አልቋል።»

«ሌላ ድርጅት ቢመጣስ?»

«ለሁለቱ እነግራቸዋለሁ» አለኝ። ዓይኔን ግን አላየኝም።

ጂብሪል እንዲህ አለ፦ «ዋርያ፣ ከሦስታችን ጆንያን ለሰው አሳልፌ ያልሰጠሁት እኔ ነኝ። ዘገየሁ፤ ወላሂ ዘገየሁ። ግን በመጨረሻ የሮጥኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

«መጻፍ አትችል፣ መሣል አትችል፤ ምን ታደርገዋለህ?»

«እጠብቀዋለሁ» አለ። «ሌላ አላውቅም።»

ረምላ ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም። «እነሱ እያወቁ ዝም አሉ» አለችኝ። «ምንም ሳላውቅ የተሸጥኩት እኔ ነኝ። የገደልኩት ሁለተኛ እንዳይሸጡት ነው። ፊቱን ግን እኔም አላሳየሁም፤ ሲሞት እንኳ አላሳየሁም።»

«ከሰጠሁሽ ታስነሺዋለሽ?»

እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ጥቂት ጊዜ አገላበጠችው። «አላውቅም» አለች። «እነሱን ሳስብ እጄ እምቢ ይለኛል።»

እነሆ ዛሬ ረቡዕ ነው። ከደብዳቤው ጋር የመጣው ቅጽ ፊቴ ተዘርግቷል፣ ከላይ ያለውን ሞልቼዋለሁ፣ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ለአንዱ ስጽፍ ሁለቱን ለዘላለም ከጆንያ እንደምለይ አውቃለሁ። በር ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ጠየቅኩ፤ ሦስት ሰው ከጠየቅኩ ሦስት መልስ ነው የማገኘው። አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ተከራከሩና ንገሩኝ። ጆንያ የሚገባው ለማን ነው፤ ለሸጠው ነው፣ ይዞት ለሮጠው ነው፣ ወይስ ለገደለችው?