ቤት የመታው አቤቱታ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ሁለት ውርንጭላዎች ነበሯት። ወንዱን አያ ጅቦ ከምንጭ ዳር አድብቶ በላባት፤ ሴቷ ተረፈች። በዚያ አገር ከዚያ ምንጭ በቀር ውሃ የለምና የተረፈችውም መውረዷ አይቀርም። እናት «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ብላ ወደ አንበሳ ችሎት ለመሄድ ቆረጠች።

የአንበሳ ችሎት ግን ክፉ ደንብ ነበረው፤ አቤቱታ የሚሰማው በግጥም ብቻ ነው። አህያ ደግሞ ከመጫን በቀር የተማረችው ነገር የላትም። ቢሆንም ሐዘን የማያስተምረው የለም፤ ሦስት ቀን ሙሉ እያለቀሰች ሁለት ስንኝ ቋጠረች። ልጇን «ከቤት እንዳትወጪ» ብላ አስጠንቅቃ ሄደችና ከንጉሡ ፊት ቆመች።

«ከምንጩ ዳር ጠብቆ ልጄን ጅብ በላብኝ፣
አንዲቷ ቀርታለች እሷን አስጥሉልኝ።»

ችሎቱ ጸጥ አለ። አህያም «ተሰማሁ» ብላ ተንፈስ አለች፤ ምስኪን!

የችሎቱ ግጥም መርማሪ ቀበሮ ነበር፤ አያ ጅቦ ከጣለው አጥንት እየቃረመ የሚኖር ብልጣብልጥ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ስድስት ስድስት ቀለም ነው፤ ልኩን ጠብቋል። ቤቱም በ‹ኝ› ይመታል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የ‹በ› ድምፅ ነው። ጠብቆ፣ ጅብ፣ በላብኝ! በአንድ ስንኝ አራት ጊዜ! አጥንት ሲሰበር ይሰማል እኮ!»

«እውነቱን ነው!» አለ አያ ጅቦ ከተከሳሽ ቦታ ዘሎ ተነሥቶ። «ልክ እንደዚያ ነበር የሚለው፤ በተለይ አንገቱ!»

«ጌታዬ፣ በገዛ አፉ አመነ!» ብላ ጮኸች አህያ።

«ዝም በይ እመት አህይት፤ ግጥምሽን እያደነቀልሽ ነው» አላት ቀበሮ።

አንበሳ ጋማውን ነቀነቀ። «ግሩም ነው። ሁለተኛው ስንኝስ?»

«እሱ እንኳ ደካማ ነው፤ ልመና እንጂ ግጥም አይደለም። ታርሞ ነገ ይቅረብ።»

«ነገ? ልጄ ውሃ ከቀመሰች ሁለት ቀኗ ነው! ስንኙ ይቅርብኝ፤ ጅቡን ከምንጩ ከልክሉልኝ!»

«ይሄ ደግሞ ጭራሽ ቤት አይመታም» አለ ቀበሮ። ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። አያ ጅቦም አብሮ ሳቀና «እኔንም ውሃ ጠማኝ» ብሎ ቀድሞ ወጣ።

አህያ ቤቷ ስትደርስ ልጇ የለችም። ጥሙ ቢጠናባት ብቻዋን ወደ ምንጩ ወርዳ ነበር። እናት ከምንጩ ዳር ያገኘችው አራት ትንንሽ ኮቴ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከችሎቱ ቆመች። አያ ጅቦ ጠግቦ ተኝቷልና አልመጣም።

«ስንኙን አረምሽው?» አላት ቀበሮ።

«ልጄ ተበላች።»

«በግጥም ተናገሪ እንጂ!» ሲል አንበሳ ተቆጣ።

አህያ ዓይን ዓይኑን አየችው። «የማስጥላት ልጅ የለኝም። ለማን ብዬ ልግጠም?»

ቀበሮ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «የለኝም፣ ልግጠም! ቤት መታች! ደግሞ የ‹ለ›ን መደጋገም ስሙልኝ፤ እንደ ልቅሶ አይደለም እንዴ? ቶሎ ጻፉት!»

ጸሐፊዎቹ ብዕር ሲያነሡ አህያ ለንጉሡ እጅ ሳትነሣ ጀርባዋን ሰጥታ ወጣች።

ከዚህ የምንማረው የተበዳይን ጩኸት ለዜማው ብቻ የሚያዳምጥ ዳኛ ከበላተኛው ጋር አብሮ እንደሚበላ ነው።