የትርንጎ ዘር

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ መመገብ ነበር። የምትመግበው ልጅ አይደለም፤ ከብትም አይደለም፤ ዶሮም አይደለም። በአንድ ከተማ ባለ የምርምር ተቋም፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ የሚኖሩ ነገሮችን ነው የምትመግበው። በዓይን አይታዩም። ግን ይበላሉ። ይበላሉ ስላችሁ እንደ እኛ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብለው እንዳይመስላችሁ፤ አያቋርጡም።

ምንድን ናቸው አትሉኝም? የካንሰር ሴሎች ናቸው። ሐኪም ከታማሚ ሰው እጢ ቆርጦ ሲያወጣ፣ ታማሚው ከፈቀደ፣ ቁራሹ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። እዚያ እንዳይሞት ይደረጋል። ሙቀቱ ልክ እንደ ሰው ገላ፣ ምግቡ ቀይ ፈሳሽ። ለምን? መድኃኒት ሊሞከርበት ነዋ! እናንተ ላይ ከሚሞከር ጠርሙሱ ላይ ይሞከር። መልካም ሥራ ነው። ምነው፣ አንዳንዶቻችሁ ከአሁኑ ፊታችሁን አጨማደዳችሁ? እኔ ሳይንስን ልሰድብ አልቆምኩም፤ አዳምጡኝ።

ሴትዮዋን ማሕደር እንበላት። ማሕደር የምትመግባቸው ጠርሙሶች ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም፤ ደንቡ ነው። አንዷን ጠርሙስ ግን በስም ትጠራታለች። ትርንጎ ትላታለች። ትርንጎ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ማሕደር ያወቀቻት ወጣት ናት። የጡት ካንሰር ይዟት፣ ፀጉሯ ረግፎ፣ ያም ሆኖ የዶክተሮቹን አካሄድ እየቀዳች ክፍሉን ሁሉ በሳቅ የምታፈርስ ጉደኛ ልጅ። ከእጢዋ እንዲወሰድ ስትፈርም "ውሰጂው እቴ! እኔን አድክሞኛል፣ አንቺን ደግሞ ያድክምሽ" ነው ያለቻት። ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ማሕደር ከቀብሯ ዓይኗ አብጦ ተመለሰች።

በነጋታው ሥራ ገብታ ጠርሙሶቹ የሚቀመጡበትን የሙቀት ሳጥን ስትከፍት ጠርሙሷ አለች። ሴሎቹስ? ምን ይሞታሉ! ትርንጎ አፈር ለብሳለች፤ እነሱ ተባዝተዋል። ማሕደር ሳታስበው "እንዴት አደርሽ ትርንጎ?" አለች። አንዴ አፏ ለመደ። ጠዋት ስትገባ "እንዴት አደርሽ"፤ ስትወጣ "ደኅና ሁኚ"። ባልደረቦቿ መጀመሪያ ሳቁባት። ኋላ እነሱም "ትርንጎ ዛሬ እንዴት ናት?" ማለት ጀመሩ። ይባስ ብሎ አንዱ ፕላስተር ቀድዶ ስሟን ጻፈና ጠርሙሷ ላይ ለጠፈው።

አሁን ደግሞ አንድ ቃል ልንገራችሁ። በእነዚህ ሰዎች የሥራ ቋንቋ፣ ከአንድ ሰው ተወስዶ እየተራባ የሚቀጥል ሴል "ዘር" ይባላል። "የእገሌ ዘር አልያዘም፣ የእገሊት ዘር ያዘ" ይባባላሉ። እነሱ ዘንድ ቀላል ቃል ናት። እናንተ ዘንድስ?

ማሕደር አንድ ቀን የትርንጎን እናት ላጽናና ብላ ደወለች። እናትየው እማማ አስካለ ይባላሉ፤ ከደብረ ሲና ማዶ፣ ገጠር ነው የሚኖሩት። ባላቸው ሞተዋል። ያለቻቸው ልጅ ትርንጎ ብቻ ነበረች።

"አይዞዎት እማማ" አለች ማሕደር፣ የሥራ አፏ እንደመጣላት። "የትርንጎ ዘር እኮ አልጠፋም። እኛ ጋ አለ።"

እማማ አስካለ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዞሩት።

"ዘር አላት?"

"አላት እማማ። በደንብ ይበላል፤ እያደገ ነው።"

"ወይኔ አስካለ! እስካሁን ዝም አላችሁኝ?" ብለው ስልኩን ዘጉት።

እናንተዬ! ልጅዋን የቀበረች እናት "ዘር አላት" ስትባል ምን ትሰማለች? ሴል ትሰማለች? ጠርሙስ ትሰማለች? እማማ አስካለ በማግስቱ ከተቋሙ በር ላይ ቆመው ነበር። ከላቸውን አውልቀው፣ ነጭ ለብሰው፣ ትከሻቸው ላይ አንቀልባ አንጠልጥለው። የልጅ ልጅ አዝለው ሊሄዱ ነው የመጡት!

"የታለ?" አሉ ማሕደርን ገና ሲያዩዋት።

"ምኑ እማማ?"

"ልጁ ነዋ! ወንድ ነው ሴት?"

ማሕደር ያን ጊዜ ነው ምን እንዳለች የገባት። ክው አለች። እዚያው በሩ ላይ እውነቱን ብትናገር ይኸ ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን አንቀልባውን አየችና ግማሹን ተናገረች፣ ግማሹን ዋጠችው።

"ልጅ አይደለም እማማ። አነጋገሬ ነው ያሳሳተዎት፤ ይቅር ይበሉኝ። ከራሷ ከትርንጎ ገላ የተወሰደ ነው። በሕይወት ያለው እሱ ነው።"

"ከራሷ ገላ? አሁን በሕይወት አለ?"

"አለ።"

እማማ አስካለ አንቀልባውን ከትከሻቸው አወረዱ። "እንግዲያውስ ልጄን ጨርሼ አልቀበርኳትም" አሉ።

ማሕደር ወደ ውስጥ አስገብታ በኮምፒዩተር አሳየቻቸው። ሴሎቹ ሲንቀሳቀሱ ዝግ ብለው ነው፤ ማሽኑ ሲቀርጻቸው ውሎ አፍጥኖ ሲያሳይ ግን ይድሃሉ። ጠርዛቸው ያበራል። እጅ መሳይ ነገር ያወጣሉ፤ ይዳብሳሉ፤ ይነካካሉ። አንዱ ድቡልቡል ይልና መሐሉ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሁለት ይሆናል። ድምፅ የለውም። እማማ አስካለ መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ ጣል አደረጉ።

"እሷ ናት" አሉ ቀስ ብለው። "ስትተኛ እንዲህ ነበር የምትገላበጠው።"

ማሕደር "አይደለችም" ልትል አፏን ከፈተች። ግን ቀረጻውን መልሳ አጫወተችላቸው።

ከዚያ ወዲያ እማማ አስካለ ቀሩ። ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አርፈው በየቀኑ ይመጣሉ። ሙቀት ሳጥኑ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። በሹክሹክታ የመንደሩን ወሬ ያወራሉ፤ ማን እንዳገባ፣ የማን በሬ ገደል እንደገባ። የማሕደር ባልደረቦች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መሥራት ጀመሩ። ጠርሙሷ ስትሞላ ማሕደር ሴሎቹን ከፍላ ወደ ሌሎች ጠርሙሶች ትገለብጣለች።

"ይኸኛውም እሷ ናት?" ይላሉ እማማ አስካለ።

"አዎ እማማ።"

"ያኛውም?"

"አዎ።"

"የምትሰማኝ የትኛዋ ናት?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

የትርንጎ አርባዋ ደረሰ። አገር ቤት ጠላው ተጠንስሶ፣ ካህናቱ ተነግሯቸው፣ እናትየዋ የሉም። ወንድማቸው ደወለ፤ ለመነ፤ ኋላ ተቆጣ። "ለሕያው ሰው ምን አርባ ይወጣለታል? ምን ሟርተኛ ነህ!" ብለው ዘጉበት። እህል መቅመስ እያቃታቸው ሄደ። ጉንጫቸው ገባ፤ ቀሚሱ ሰፋቸው። ጠርሙሶቹ ግን ይሞላሉ። ማሕደር አንዴ ጠርሙሶቹን፣ አንዴ እናትየውን አየች፤ እሳቸው በቁማቸው እየሄዱባት ነው። ፈራች። ቢሆንም ዝም አለች፤ አሁን ብነግራቸው ይሞቱብኛል ብላ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ማሕደር ቀዩን ፈሳሽ ስትቀይር፣ እማማ አስካለ እስከዚያ ቀን ያልጠየቁትን ጠየቁ።

"ይኸ የምታበያት ምንድን ነው?"

"ስኳር አለው፣ ጨው አለው..." አለች ማሕደር። "ከጥጃ ደም የሚወጣም አለበት። ገና ካልተወለደ ጥጃ።"

"ደም?" ብለው ብድግ አሉ። "በሁዳዴ? ልጄን በሁዳዴ ደም ታበያታለሽ? ታማ ተኝታ፣ ቄሱ ራሳቸው ፈቅደውላት ወተት አልቀመሰችም እኮ!"

"ያለሱ አትኖርም እማማ።"

እማማ አስካለ እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡና ያችን የከሳች ክንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

"ከኔ ቅጂ" አሉ። "የእናት ደም ፆም አያስፈታም። ጡቴን ጠብታ ነው ያደገችው፤ አሁን ደሜን ትጠጣ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይኼን ስሰማ ሰውነቴ ነው የተሸማቀቀው። የሰው ደምም ይሆናል! ከሰው ደም የሚወጣውም ያበቅላቸዋል። ማሕደር ታውቃለች። እጇ ደግሞ ከልቧ ቀደመ፤ ጎማውን አንስታ ክንዳቸውን አሰረች። ደም ሥሩ ወጣ። መርፌውን ከላስቲኩ አወጣች።

"ጥግብ ስትልና ስትጠነክር ይዣት አገሬ እገባለሁ" አሉ እማማ አስካለ፣ ፈገግ ብለው።

ማሕደር ቀና ብላ ጠርሙሶቹን አየች። ትናንት የሰጠቻቸው ቀይ ምግብ አልቆ ቢጫ ሆኗል። መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አትጠግብም" አለች። "ይቺ አትጠግብም እማማ። ትርንጎ አይደለችም። ከትርንጎ የወሰድነው በሽታዋን ነው። የገደላት እሱ ነው። እኔ እስካሁን የምመግበው፣ እርስዎም ወሬ የሚያወሩለት፣ ልጅዎን የበላውን ነው።"

እማማ አስካለ አልጮኹም። ጎማውን በአንድ እጃቸው ፈቱት፤ እጅጌያቸውን ቀስ ብለው መለሱ።

"አንቺ ግን እንዴት አደርሽ ስትዪ ሰምቼሻለሁ" አሉ። "ማንን ነበር?"

ማሕደር እንባዋ ቀደማት። "ናፈቀችኝ እማማ። ስሟን ስጠራ ያለች እየመሰለኝ ነው።"

እማማ አስካለ የጠርሙሶቹን ረድፍ አዩ። ከዚያ "አሁን ትገድይዋለሽ?" አሉ።

"አልገድለውም። የሚገድለውን መድኃኒት የምንፈልገው በሱ ነው። የሌላ ሰው ልጅ እንዳትሞት።"

"እንግዲያ ሥራሽን ሥሪ። ስሟን ግን መልሺልኝ። በልጄ ስም እሱ አይጠራም።"

ማሕደር ፕላስተሩን ላጠችና ሰጠቻቸው። እማማ አስካለ አገራቸው ገቡ፤ ከላቸውን መልሰው ለበሱ፤ ያለፈው አርባ ዘግይቶ ወጣ። በዚያ ቀን ነው ያለቀሱት። ለቅሷቸው ማዶ ድረስ ተሰማ አሉ። ካለቀሱ በኋላ ደግሞ እህል ቀመሱ።

ማሕደርስ? በማግስቱ ሳጥኑን ከፈተች። አፏ እንደልማዱ "እንዴት..." አለና ዋጠችው። ያ ነገር ያለስም እዚያ ውስጥ ሆኖ ይበላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራችው። ጓንቷን አጠለቀችና ሥራዋን ጀመረች።

እንግዲህ ወደናንተ ልምጣ። የሰው ነገር ስትሰሙማ ከንፈር መጠጣችሁ!

እናንተስ ቤት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በማን ስም ነው የምትጠሩት?

"የአባቴ አደራ ነው" ትላላችሁ። "የወንድሜ ክብር ነው። የእናቴ እንባ ነው።" እስቲ ቀረብ ብላችሁ እዩት። አባትህ ነው እሱ? አባትህ ሞቷል ወዳጄ። አልቅሰህ ቀብረኸዋል። ያ ቤትህ ውስጥ የሚድኸው፣ ሌሊት እንቅልፍህን፣ ቀን ፊትህን የሚበላው አባትህ አይደለም። ቂም ነው። አባትህን በልቶ የጨረሰው ራሱ ቂም ነው፤ አሁን በአባትህ ስም ተጠርቶ አንተን ይበላል። አንተ ደግሞ በአክብሮት እንዴት አደርክ ትለዋለህ!

መቼ ጠገበ? እኮ ንገሩኝ፣ መቼ ጠገበ? ትዳር ሰጣችሁት፤ በላ። ጸሎት ሰጣችሁት፤ በላ። ፆመን ውለን ሥጋ አልቀመስንም ትላላችሁ፤ እሱ ግን በሁዳዴም ደም ነው የሚጠጣው። ይኼም አልበቃ ብሎ የልጆቻችሁን ክንድ ታቀርቡለታላችሁ። "ከአጎትህ ልጅ ጋር እንዳላይህ!" ትሉታላችሁ። ልጁ ምን አውቆ? ምን በድሎ?

እኔ እኮ የማላይ ይመስላችኋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የአንድ እናት ልጆች ሆነው፣ አባታቸው ከሞተ ወዲህ አንዱ በቀኝ በር፣ አንዱ በግራ በር የሚገቡ አሉ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይቀመጣሉ። ስም አልጠራም። ሁለቱም አሁን መሬት መሬት እያዩ ነው።

ጠዋት ሁላችሁም ከገባችሁ በኋላ የግራውን በር አስቆልፌዋለሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እንዳትለምኑኝ፣ አልሰጥም። ዛሬ የምንወጣው በአንድ በር ነው፤ በሩ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ አይታለፍበትም። ማን ቀድሞ ሰላም ይበል የምትሉ እንደሆነ፣ ታላቅየው ይቅደም።