የዘሃራን ቃላት ማን ይረከብ?

በአንድ ወቅት ደሴ ከተማ ውስጥ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ሚስታቸው ዘሃራ አርጎባ ስለነበረች ቤት ውስጥ የሚያወሩት በእሷ ቋንቋ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ግን በዚያ ቋንቋ እንደምን አደርክ የሚላቸው ጠፋ። ቃላቱ ከአፋቸው እየሸሹ መሆኑን ሲያውቁ ደነገጡና በአሮጌ ኮምፒውተራቸው አንድ በአንድ መጻፍ ጀመሩ።

አንድ ቀን የሚጽፉበት ፕሮግራም «የአገልግሎት ጊዜዎ አብቅቷል» ብሎ ተዘጋ። ጽሑፉም አብሮ ተቆለፈ። ጋሽ ሰይድ ዘሃራን ዳግመኛ የቀበሩ መሰላቸው።

ይህን የሰማው የዘሃራ ወንድም ልጅ ጀማል ከኮምቦልቻ መጣ። በብዙ ልፋት ጽሑፉን አወጣና «አሁን ሌላ መጻፊያ እንምረጥ። የሚያምረውን ነው ቀላሉን?» አላቸው።

«ማንም የማይዘጋብኝን» አሉ።

ጀማልም የውስጥ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ የቻለ ሁሉ የሚያርመው፣ የእኔ ነው ብሎ የሚቆልፈው የሌለ መጻፊያ ጫነላቸው። በዚያው ቀን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ደጃቸውን አልረገጠም።

አዲሱ መጻፊያ ግን ፊደላችንን በደንብ አያውቀውም ነበር፤ መስመር መሃል ሲደርሱ ፊደላቱ ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። ጋሽ ሰይድ ተጠቃሚዎች በሚወያዩበት ገጽ ላይ ችግራቸውን ጻፉ። ጅማ የምትኖር ሲፈን የምትባል ወጣት አነበበችው። ከሥራዋ በተረፋት ሰዓት ሁሉ ስትመረምር ሰንብታ ስህተቱን አርማ ላከችላቸው። «አባቴ፣ አሁን ይሞክሩት» ብቻ አለች። ፊደላቱ ቀጥ ብለው ቆሙ። እሷና ጋሽ ሰይድ ግን ተያይተው አያውቁም፤ ከአርጎባ ቋንቋም አንድ ቃል አታውቅም።

ክረምቱ ሲገባ ጋሽ ሰይድ ተስፋ ቆረጡ። «የሚያናግረኝ በሌለበት ቋንቋ ምን አለፋኝ?» ብለው ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፈኑት። ጎረቤታቸው እትዬ ተዋበች ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ይህን ሲያዩ ግን ጨርቁን ገፈው «ለእኔ ያንብቡልኝ፤ ባይገባኝም እሰማለሁ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እየመጡ፣ ጥጥ እየፈተሉ ያዳምጡ ጀመር። አንዳንዴ አንዱን ቃል ደግመው ሲሉት ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

ሥራው ሲገባደድ የጋሽ ሰይድ ዓይን ደከመ። ልጅ አልወለዱም። ቃላቱን ተረክቦ የሚጠብቅ፣ ስሙም በመጀመሪያው ገጽ የሚሰፍር ሰው መምረጥ ነበረባቸው። ለሦስት ሰው የተሰጠ አደራ ደግሞ የማንም እንደማይሆን ያውቃሉ።

ጀማልን ደውለው ጠየቁት። «የአክስቴ ቋንቋ ደሜ ነው፤ ከተቆለፈበት ያወጣሁትም እኔ ነኝ» አለ።

ሲፈን «ማሽን ቢለወጥ፣ ዘመን ቢለወጥ እንዲነበብ አደርጋለሁ» ብላ ጻፈች።

እትዬ ተዋበች ግን አደራው ለእኔ ይሁን አላሉም። «ታዲያ ነገ ምን ያነቡልኛል?» አሉና እንዝርታቸውን ይዘው ወጡ።

ጋሽ ሰይድ ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ ባዶውን የመጀመሪያ ገጽ ከፍተው ተቀምጠዋል፤ የማንን ስም እንደሚጽፉበት ቸግሯቸዋል።

እናንተ የሰማችሁ፣ እስቲ ፍረዱላቸው፦ አደራው የሚገባው ለማን ነው?