የግድቡ እግር

በአንድ ወቅት በሻፌ ወንዝ ዳር አያ ጓንጉል የሚባሉ የውሃ አባት ነበሩ። የመስኖውን ውሃ ለመንደሩ በተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። ውሃው የሚጠለፈው ወንዙ ላይ ከተሠራው ግድብ ነው፤ መንደሩ ያለ ግድቡ አይኖርም፤ ግድቡ ደግሞ ከእግሩ ታመመ። ከላይ የሚወረወረው ውሃ የወንዙን ወለል እየቦረቦረ ጉድጓዱ መሠረቱ ስር ገባ። አያ ጓንጉል ይህን ሲያዩ ደነገጡ። ሦስት ልጆቻቸውን ጠርተው፣

«እኔ አርጅቻለሁ። ግድቡን ያዳነ የውሃ አባትነቱን ከእኔ ይረከባል፤ ሽማግሌዎቹም ተስማምተዋል» አሏቸው።

የበኩር ልጃቸው ማናዬ ጉልበተኛ ነው። ከተራራው ቋጥኝ እየፈነቀለ፣ በበሬ እያስጎተተ ጉድጓዱን ሞላው። አንዱ ቋጥኝ ሁለት ጣቶቹን ቀጠቀጠበት፤ እሱ ግን ሥራውን ሳይጨርስ ከወንዙ አልወጣም።

ሁለተኛው አጥናፉ የውሃውን አወዳደቅ ሲያጤን ሰነበተ። «ውሃ መሬት ላይ ሲወድቅ ይቆፍራል፤ ውሃ ላይ ሲወድቅ ግን ይደክማል» አለ። ማናዬ ሳቀበት። አጥናፉ መንደሩን አስተባብሮ ከቋጥኙ ዝቅ ብሎ አጭር ግንብ ሠራ፤ በግንቡና በግድቡ መሃል ኩሬ ተኛ።

ታናሻቸው ውዴ ከግድቡ ጎን ካለው የበርበሬ ማሳዋ አልተነሳችም።

«አንቺስ?» አሏት።

«ወንድሞቼ ይበቃሉ፣ አባባ።»

አያ ጓንጉል አዘኑባት።

ነሐሴ ላይ ታይቶ የማያውቅ ደራሽ ጎርፍ መጣ። ኩሬው የውሃውን ጉልበት ሰበረ፤ ቋጥኙም መሠረቱን ጠበቀ። ጎርፉ ግን እየባሰ ሄደ። ግንቡ ተሰነጠቀ፤ ቋጥኙ መንከባለል ጀመረ። አያ ጓንጉል ዳር ቆመው «አለቀልን!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ ውዴ ዶማዋን አንስታ ማሳዋን ከወንዙ የሚከልለውን የአፈር ክትር ናደችው። የጎርፉ እኩሌታ ማሳዋን ጠርጎ ከታች ወደ ወንዙ ተመለሰ። ግድቡ ቆመ። ከበርበሬው ግን አንድ እግር እንኳ አልተረፈም፤ አፈሩም አብሮ ሄደ።

ጎርፉ ሲጎድል ሽማግሌዎች ተቀመጡ።

«ቋጥኜ ባይኖር ግድቡ ገና በመጀመሪያው ምት በተናደ ነበር» አለ ማናዬ።

«ኩሬዬ ባይኖር ቋጥኝህ የት ይገኝ ነበር?» አለ አጥናፉ።

«የሁለታችሁም ሥራ ሊሄድ ሲል ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አለች ውዴ።

አያ ጓንጉል በሦስቱም ኮሩ፤ ከሦስቱም አፍ ውሸት አልሰሙም። ውሃ ለሦስት ይከፈላል፤ የውሃ አባትነት ግን አይከፈልም። ሽማግሌዎቹም የአያ ጓንጉልን ፍርድ እየጠበቁ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ በአያ ጓንጉል ቦታ ብትሆኑ ለማን ትሰጡታላችሁ?