በእግሯ የተማረችው የውሃ አባት

አንዲት ስፌት ሰፊ ሴት ነበረች፤ ስሟ ዘርትሁን። የምትኖርበት መንደር አንድ ምንጭ፣ አንድ ረጅም ቦይና አርባ ማሳ ነበረው። ውሃው ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ ለስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ አንድ በአንድ የሚያውቀው «የውሃ አባት» የሚባለው ሽማግሌ ብቻ ነው። ተራው በወረቀት አይሰፍርም። ወረቀት ይፋቃል፤ በሸንጎ ፊት የዋሸን ሰው ግን አርባ አባወራ ይሰማዋል ብለው ያምናሉ።

የዘርትሁን ማሳ የቦዩ ጭራ ላይ ነው። የውሃ አባቱ አያ ደምለው ጉልበታቸው ስለደከመ ቦዩን መዞር ትተዋል። ከላይ ያሉት እንደ ልባቸው ይከፍታሉ፤ የጭራው ማሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ደርቆ ተሰነጠቀ። አያ ደምለው ተተኪ ሲፈልጉ ዘርትሁን «ተራውን እኔ ካልያዝኩት ልጆቼ ከዚህ መሬት እህል አይቀምሱም» ብላ ስሟን ሰጠች።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ተወዳዳሪ አርባ ቀን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ሽማግሌው ተራውን ያዜማሉ፣ እሱ ይቀበላል። ከዚያ በሸንጎ ፊት አርባውንም በቃሉ ይወጣል። ሁለት ጊዜ የወደቀ ሦስተኛ አይቆምም።

ባለፈው ዓመት ዘርትሁን ዘጠነኛው ማሳ ላይ ስትደርስ ጠፋባት። ያን ዓመት ማንም አላለፈም፤ የተሳቀው ግን በእሷ ብቻ ነው።

«እታለም ዘርትሁን፣» አላት ልመንህ የሚባለው ድምፀ መልካም ጎረቤቷ፣ «ጭንቅላትሽ ሰፌድሽን መሰለ፤ ያስቀመጡበት ሁሉ በንፋስ ይሄዳል!»

ሸንጎው አውካካ። ከሳቁት ግማሾቹ የገዛ ማሳቸውን ተራ ሚስቶቻቸውን ጠይቀው የሚያውቁ ነበሩ።

ዘንድሮም ተቀመጠች። ልመንህም ተወዳድሮ አጠገቧ ተቀመጠ። እሱ ገና በአሥረኛው ቀን አርባውን ሲያንቆረቁረው እሷ በሃያኛው ቀን ባዶ ራሷን ይዛ ወጣች። በንዴት ወደ ማሳዋ ወረደች። ከዚያ ውሃው የት እንደሚቀር በዓይኗ ልታይ ቦዩን ተከትላ ሽቅብ ወጣች። የእያንዳንዱን ማሳ መክፈቻ በእጇ ዳሰሰች። «ይህ ድንጋዩ የሚያፈሰው የእነ ብርቄ፤ ይህ ሥር የበቀለበት የመምሬ፤» እያለች ምንጩ ጋ ስትደርስ አርባውንም ከነተራቸው ጠርታ ነበር። አንድ አልሳተችም።

እዚያው ተቀመጠችና አሰበች። ስፌት ማን ነገራት? ማንም። አንድ ሙዳይ አገላብጣ ከዳሰሰች ጥለቱ ከእጇ አይጠፋም። ለካ ጭንቅላቷ ጤነኛ ነው፤ በማይከፈተው በር ሲያንኳኩባት ነው የኖሩት!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ተቀምጣ ትሰማለች፤ ከሰዓት ቦዩን እየሄደች፣ ደለሉን እየጠረገች የሰማችውን በየቦታው ታስቀምጣለች። መንደሩ «ጆሮዋ እምቢ ቢላት በእግሯ መስማት ጀመረች» ብሎ ተሳለቀ።

የሸንጎው ቀን ልመንህ አርባውንም እንደ ዘፈን አወረደው። እልል ተባለለት። ዘርትሁን ተራዋ ሲደርስ «አያ፣ እየሄድኩ ልበለው?» አለች።

«ደግሞ ምን ልትጨፍር ነው?» አለ ልመንህ።

«ደንቡ ይበል ይላል እንጂ ይገተር አይልም። ሂጂ ልጄ፣» አሉ አያ ደምለው።

ሄደች። ሜዳውን ቦይ አድርጋ፣ እንደ ቦዩ እየተጠማዘዘች፣ በየመክፈቻው እጇን እየዘረጋች አርባውንም ጨረሰች። ሳቅ ጠፋ።

ሽማግሌው ሁለቱንም አቆሙና ጠየቁ፦ «ሃያ ሦስተኛውን መክፈቻ ናዳ ደፈነው እንበል። ውሃው በየት ይዞራል? ተራውን የሚያጣውስ ማን ነው?»

ልመንህ ከአንደኛው ጀምሮ አዜመ። ሃያ ሦስተኛውን በዜማው ግለት አልፎት ሄደ። ተመልሶ ጀመረ፤ እንደገና አለፈው። በሦስተኛው ሸንጎው አብሮት አጨበጨበ፤ እሱም ባሰበትና አሁንም አለፈው።

ዘርትሁን ዓይኗን ጨፍና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች። «ሃያ ሁለተኛው ላይ ነኝ፤ ከሾላው ሥር። በግራ አሮጌ ቦይ አለ። አፉ ላይ ያለው ድንጋይ ቢነሳ ውሃው ናዳውን ዞሮ ሃያ አራተኛው ላይ ይገባል። ተራውን የሚያጣው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ማን?»

«ልመንህ። ሦስቴ በላዩ የዘፈነበት ማሳ የራሱ ነው።»

ተራራው እልልታውን አስተጋባ። አያ ደምለው የውሃ አባትነት ምልክት የሆነውን ዶማ በእጃቸው አስያዟት። በሳምንቱ ውሃው እስከ ጭራው ወረደ፤ ዘርትሁን ከነልጆቿ ጭቃው ውስጥ ገብታ ተቀበለችው። ልመንህንም አላባረረችውም። «ያ ድምፅ ሥራ ይፈታል እንዴ?» አለችና ተራ የደረሰውን ሰው ከኮረብታው ላይ እንዲጠራ ሾመችው። እሷ ጋ ሊማር የሚመጣውን ሁሉ «እጅህን አጣጥፍ» አትልም። «ጥሩ አድርገህ የምታውቀውን ነገር እንዴት ያዝከው?» ብላ ትጀምራለች። የሚያዜመውን ታስዜማለች፤ አፈር ላይ የሚስለውን ታስስላለች፤ ያለ ክርክር የማይገባውን ትከራከረዋለች።

ልብ በሉ። ዘርትሁን ሃያ ቀን የተቀጣችው በስንፍና አልነበረም፤ በሰው መንገድ ስለሄደች ነው። የራሷን ስታገኝ ግን ጠዋት መቀመጡን አልተወችም፣ ከሰዓትም ድካሙ በዛባት። መንገድን ማወቅ ከመሄድ አያድንም፤ የሚያደርስ መሆኑን ያሳውቃል እንጂ። መጽሐፍ ገልጣችሁ አንድ ገጽ አሥር ጊዜ አንብባችሁ «እኔ ድንጋይ ራስ ነኝ» የምትሉ፣ ስድቡን ለጊዜው አቆዩት። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ሳሉት፤ እየተራመዳችሁ በሉት፤ ለሌላ ሰው አስረዱት። የትኛው ውስጣችሁ እንደቀረ ታዩታላችሁ።

ለመሆኑ ማንም ሳያስገድዳችሁ የያዛችሁት፣ እስከ ዛሬም ያልጠፋችሁ ነገር በየትኛው በር ገባ?