ዝም ያለችው ጠባቂ

ጽሑፌ ስለማያምር፣ ፊደልም ስለምሳሳት ይቅርታ። ተረት አለኝ፤ «ይምጣ» በሉኝ።

አንዲት ጦጣ ነበረች። ሌሎቹ ጦጣዎች ማሽላ ሲበሉ እሷ ድንጋይ ላይ ሆና ትጠብቃለች። ከጮኸች ሁሉም ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ ዝም ካለች በሰላም ይበላሉ። ነብር ጦሙን እያደረ ከሳ።

ቀበሮ ግን «ጋሼ ነብር፣ እሷ እኮ እናትም ናት» አለው። ልጇን ከተኛበት ሰረቁባት።

በማግስቱ ነብር ከድንጋዩ ሥር መጣና «እትዬ ጦጣ፣ ልጅሽ ቀበሮ ዘንድ ነው። ከጮኽሽ ይበላዋል» አላት።

«ዝም ካልኩስ ትመልስልኛለህ?»

«ዝም እስካልሽ ድረስ በሕይወት ይኖራል።»

ዝም አለች። ነብርም ከዳር የነበረችውን አንዲት ጦጣ ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይመጣ ጀመር።

ጦጣዎቹ «የጠፉት ርቀው ሄደው ነው» ይባባላሉ። አሮጊቷ ጦጣም ጠባቂዋን ራሷን እየዳበሰች «አይ ልጄ፣ ልጅሽ ጠፍቶብሽ እንኳ ቦታሽን አልለቀቅሽም። አንቺ ባትኖሪልን ምን ይውጠን ነበር?» አለቻት።

ጠባቂዋም ሲነጋ ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ወጣች።

ለማንም ነግሬ አላውቅም እንጂ፣ እኔም ብሆን የምጮህ አይመስለኝም።