ወርቅ የተቀባው አምፕሊፋየር

የክር ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምመላሽ በዓመታዊው በዓል ላይ ንግግር ሊያደርጉ ነውና፣ ምላሱ ከፒንሳው የባሰ የሚቆርጠውን የፋብሪካውን ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ድምፃቸውን የሚያጎላ አምፕሊፋየር እንዲሠራላቸው አዘዙት።

«እንግዲያው ትልቅ ትራንስፎርመር ይግዙልኝ» አላቸው። «ማሽኑን ኤሌክትሪክ የሚመግበው እሱ ነው፤ ካነሰ ድምፁ ከፍ ሲል ይዝላል።»

«ውስጡን ማን ያየዋል? ከአሮጌው ሬዲዮ ትንሹን አውጥተህ ግጠምለት። ሣጥኑን ግን ወርቃማ ቀለም ቀባልኝ!» አሉት። በዚያው ሳምንት የሠራተኛውን ነፃ ምሳ ያስቀሩትም እኚሁ ቆጣቢ ሰው ናቸው።

በዓሉ ደረሰ። አቶ ደምመላሽ በለሰለሰ ድምፅ እንግዶቹን ሲያመሰግኑ ወርቃማው አምፕሊፋየር ደህና ነበር። «ሠራተኞቻችን ደስተኞች ናቸው!» ብለው ሲጮኹ ግን እንደ በሽተኛ አቃሰተና ድምፁ ሰጠመ። ሠራተኛው ሳቁን በመዳፉ አፈነ።

ሥራ አስኪያጁ ኤሌክትሪሺያኑን መድረክ ላይ አስጠርተው፣ «በሰው ሁሉ ፊት ተናገር! ጥፋቱ የኔ ድምፅ ነው ወይስ ያንተ ሥራ?» ብለው አፋጠጡት። ድምፅዎ ነው ቢል ሰደበኝ ሊሉ፣ ሥራዬ ነው ቢል ሊያባርሩት ነው።

እሱ ግን ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና፣ «ሁለቱም አይደለም፣ ጌታዬ፤ አምፕሊፋየሩ ሆዱ ባዶ ሆኖበት ነው» አለ። «ማንሾካሾክ እንደምንም ይችላል። ደስተኛ ነኝ ብለህ ጩህ ሲባል ግን ያቅተዋል። እኛም ምሳ ከቀረብን ወዲህ እንደዚሁ ነን፤ እሱ ግን እርስዎን አይፈራም።»